ሻፍት ለሚገጥሙ ወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣ ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የሚደርሰውን ሻፍት ቀይራችሁ የመጨረሻውን ብሎን ስላጠበቃችሁ ብቻ ሥራው አልቋል አትበሉ። በቃሊቲና በገላን ዙሪያ ብዙ ጊዜ የማየው መኪናው በጋራዡ ደጃፍ ኮብልስቶን ላይ ወዲያ ወዲህ ተነድቶ «ደህና ነው» ተብሎ ሲመለስ ነው። ባለቤቱ ቱሉ ዲምቱን አልፎ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ መቶ ሲሞላ ግን ወንበሩ ከሥሩ ይርዳል።

ሻፍቱ ከጎማው እኩል አይዞርም። ዲፈረንሻሉ አራት እጅ የሚቀንስ ከሆነ ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ ወደ 3000 ዙር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ከመሃሉ 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያረፈ 10 ግራም ትርፍ ክብደት ሻፍቱን ወደ ጎን በ4 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይጎትተዋል፤ አቅጣጫውም በየሴኮንዱ 50 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና በሠፈር መንገድ ምንም አይሰማም። ለ10 ግራም ደግሞ ቱቦው ላይ የደረቀ የአቃቂ መረሬ ጭቃ ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እጠቡት።

አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ሻፍቱና የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበት ክብ ፊት) የሚገናኙበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። ያንኑ ሻፍት የምትመልሱ ከሆነ በምልክቱ ግጠሙት፤ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ከተንቀጠቀጠ ፈትታችሁ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሞክሩት። የሚገጣጠሙትን ፊቶች ከዝገትና ከአሮጌ ቀለም አጽዱ፤ ቀጭን ቅርፊት እንኳን ሻፍቱን ከመሃሉ ያስወጣዋል። የሚሳብና የሚገባ ጥርስ ያለው ሻፍት ከሆነ በሁለቱ ጫፎች ክሮቸራውን፣ ማለትም ሻፍቱ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገውን የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያ፣ የያዙት ሹካዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር በየዙሩ ፈጠን ዘግየት ይላል፤ አንድ ጥርስ ስታሳስቱ የአንደኛውን ክሮቸራ መፍጠንና መዘግየት ሌላኛው አያጠፋውም፤ የትኛውም የሚዛን ማሽን ይህን አያስተካክልም።

ሻፍቱ በሁለቱ ጫፎች የሚታጠፍበት ማዕዘን ነገርም እንዲሁ ነው። የጭነት መኪና ባለቤቶች ባሌስትራ ሲያስጨምሩ ዲፈረንሻሉ ይዘነብላል፤ የሁለቱ ጫፍ ማዕዘኖች ይለያያሉ። ከአንድ ዲግሪ በላይ ሲራራቁ ንዝረቱ ይመጣል፤ ከዚያም ሰዎች ደህናውን ሻፍት ይለውጣሉ። እኔ ይህን እንደ ብክነት ነው የምቆጥረው። የመሃል ኩሽኔታውን ጎማና የካምቢዮውን መያዣም ሳታዩ አትለፉ።

በቶርኖ ቤት ተቆርጦ የተበየደ ሻፍት ሚዛን ሳይወጣለት መኪና ላይ እንዲገጠም አልፈቅድም። ቱቦው ላይ የተበየዱትን ትንንሽ ብረቶችም ማንም በመዶሻ እንዳያነሳቸው፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ሙከራው መኪናው በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ይሁን። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማዎችን አስቀድሙ፤ ወለሉና ወንበሩ በደቃቅ ንዝረት ከነዘሩ ወደ ሻፍቱ ሂዱ። በዚያው ፍጥነት ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ንዝረቱ ከቀጠለ ጥፋቱን ከሞተሩ አትፈልጉ። የነዳጁንና የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ሥራውን ስትቀበሉ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩበት፤ በኋላ ሲጠየቅ ብዙዎች ቅር ይላቸዋል።