የአባቴን ሱቆች ሸጬ ክሊኒክ ላሠራ?

ጤና ይስጥልኝ፤ አባቴ መርካቶ ጨርቅ እየነገደ ያፈራውን ሀብት ለእኔና ለወንድሜ ትቶልን አርፏል። ውርሱን ተካፍለናል። ለእኔ የደረሱኝን ሁለት ሱቆች ሸጬ አባቴ በተወለደበት የገጠር ቀበሌ፣ በስሙ ክሊኒክ ላሠራ አስቤያለሁ። ወንድሜ ግን «የአባታችንን ላብ ልትበትኚው ነው» ብሎ አኩርፎኛል፤ እናታችን በመሀል ተጨንቃለች። ምን ይሻለኛል?
ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በድርሻሽ የምታዢው አንቺ ነሽ፤ ሐሳብሽም የተባረከ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው። የነርሷን ደመወዝ በአምስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል?

ላሪ ሜሎን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ በባንክና በገልፍ ኦይል ከከበረው ከፒትስበርጉ ሜሎን ቤተሰብ የተወለደ። አሪዞና ውስጥ ከብት ያረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር ጋቦን ውስጥ ስላቋቋመው ሆስፒታል አነበበና ልቡ ተነካ። ቼክ ጽፎ መላክ ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ አርባ ዓመቱ እየተጠጋ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ ሚስቱ ግዌንም የላቦራቶሪ ሙያ። በ1956 ሄይቲ ውስጥ፣ አርቲቦኒት ሸለቆ፣ ዴሻፔል ላይ በሽዋይትዘር ስም ሆስፒታል ከፈቱ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ብዙዎቹን ሕመምተኞች የሚያመጣቸው ንጹሕ ያልሆነ ውኃ መሆኑን ሲያይ፣ ያን ያህል የደከመበትን ሐኪምነት ለሌሎች ትቶ ለየመንደሩ ውኃ ማስገባት ያዘ። በ1989 እስኪሞት ኑሮው እዚያው ነበር፤ ሆስፒታሉም ከእሱ በኋላ ቀጥሏል።

አንቺ ሐኪም ሁኚ አልልሽም። መሠረት ከማስቆፈርሽ በፊት ግን ሄደሽ ሰንብቺ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን፣ እናቶችን፣ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ጤና ኬላ ኖሮ ውኃና መድኃኒት አጥቶ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ያንኑ አጠናክሪ፤ የአባትሽ ስም በር ላይ ባይጻፍም ቅር አይበልሽ።

ሱቆቹን ደግሞ ሁለቱንም አትሽጪ። አንዱ ተከራይቶ ይቆይ፤ ኪራዩ በየወሩ ለደመወዝና ለመድኃኒት ይዋል። ይህን በውል አስጽፊና ወንድምሽን እናታችሁ ባሉበት አሳዪው። የፈራው ሀብቱ ይበተናል ብሎ ነውና፣ የአባታችሁ ሱቅ እንዳለ መኖሩን ሲያይ ሒሳቡን አብሮሽ እንዲቆጣጠር ለምኚው።