ዲፑን ከማብሰርሽ በፊት ጎረቤት ኮከቦቹን እዪ

እህቴ፣ ከቴስ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዳታ ላይ ፕላኔት የሚመስሉ ሁለት ዲፖች (የኮከቡ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ቀነስ የሚልባቸው ቦታዎች) አግኝተሽ አማካሪሽ "የመሣሪያው ጣጣ ነው" ብለው መልሰውሻል። እንዴት ላጣራ ነው ያልሽው። እኔም አራት ኪሎ ሆኜ እዚሁ ዳታ ላይ ከርሜያለሁ። ዳታውን ስለምናወጣበት ፕሮግራም፣ ስለ ላይትከርቭ አጠቃቀም አላወራልሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. በተስተካከለው ዳታ ብቻ አትተማመኚ። ጥሬው ሳፕ እና የተስተካከለው ፒዲሲሳፕ አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። ዲፑ በአንዱ ታይቶ በሌላው ከጠፋ ጠርጥሪ። የጀርባ ብርሃኑንና የኮከቡን መንሸራተት የያዙትን ዓምዶችም ከሥር ደርድሪያቸው።

2. ሰዓቱን እዪ። ቴስ ምድርን በ13.7 ቀን ይዞራል። አንድ ሴክተር፣ ማለትም አንዱን የሰማይ ክፍል የሚያይበት ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ 27 ቀን ገደማ ነው። ወደ ምድር ሲቀርብ ዳታ ለመላክ ምልከታውን ያቋርጣል። በዚያ ሰሞን የምድርና የጨረቃ ብርሃን ካሜራው ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ዲፖችሽ ከዚያ ክፍተት አጠገብ ከሆኑ ወይም 13.7 ቀን ገደማ ከተራራቁ፣ እልልታውን ያዝ አድርጊው። ሞመንተም ደምፕ (ቴስን አቅጣጫ የሚያስይዙት ተሽከርካሪ ጎማዎች ፍጥነታቸው የሚቀነስበት ጊዜ) ሲኖርም ካሜራው ትንሽ ይነቃነቃል። ላይትከርቭ የተበላሹ ነጥቦችን ሳይነግርሽ ይጥላቸዋል። አንድ ጊዜ ምንም ሳትጥዪ አውጪውና የዲፑን ዙሪያ ተመልከቺ።

3. ጎረቤቶቹን እዪ። ዋናው ይሄ ነው። ቡድናችን የሚያምር ዲፕ አግኝቶ የሚመሩን ሰው ለኮንፈረንስ ሊልኩት ቸኮሉ። ጎረቤቶቹን ሳናይ አይሆንም አልኩ። "ሥራ አታጓትት" ተባልኩ። ለፍተሻው የኮምፒውተር ክፍሉን ስጠይቅ ደግሞ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። አመጣሁ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "ማህተሙ አይነበብም" ብለው መለሱልኝ። ሌላ ሳመጣ "ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው"። ለአንድ ከሰዓት ሥራ እንዲህ ደጅ ማስጠናት ምን ይባላል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ የማንንም ቁልፍ አትጠብቂ። የብርሃን ፋይሎቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት ናቸው፣ በስልክ ኢንተርኔትም ይወርዳሉ።

እኔም ያንኑ አደረግኩ። በዚያው ሴክተር፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሲሲዲ (የካሜራው ብርሃን መቀበያ ቺፕ) ላይ ያሉ ኮከቦችን አወረድኩ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት የጊዜ መስመር አወጣሁና አንድ ኮፒ ቤት አሳተምኳቸው። የእኛን ኮከብ ወረቀት ከሥር፣ የጎረቤቱን ከላይ አድርጌ የኮፒ ቤቱ መስታወት ላይ በብርሃን አየኋቸው። ዲፑ ዲፑ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ ወረቀት ጨመርኩ፣ ያም እንደዚያው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ኮከቦች በአንድ ሰዓት አብረው አይደበዝዙም። ጣጣው የካሜራው ነበር። ወረቀቶቹን ይዤ ገባሁ፣ ጽሑፉም ሳይላክ ቀረ። የቡድኑን ስም ያን ቀን አድኛለሁ፣ ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

የሃብልን የጠፈር ቴሌስኮፕ አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ መስታወቱ ጠርዙ ላይ በ2 ማይክሮን ገደማ አላግባብ ተሞርዶ ነበር። መለኪያ መሣሪያው ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊሜትር ተዛንፎ ስለተገጠመ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሌሎች ፍተሻዎች ችግሩን አሳይተው ነበር። ግን ዋናው መለኪያ ይበልጣል ተብሎ ተናቁ። አማካሪሽ ስለጠረጠሩ አይክፋሽ። አንቺም በሌላ መንገድ የለካሽውን ይዘሽ ግቢ።

4. ዲፑ ይህን ሁሉ ካለፈ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የየትኛው ኮከብ ነው የሚለው ነው። የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ይሸፍናል፣ ብዙ ኮከብ ይገባበታል። ጋያ በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የኮከቦች ካታሎግ አጠገቡ ማን እንዳለ እዪ። ሁለቱ ዲፖች ጥልቀታቸው ከተለያየም እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦች ሊሆኑ ይችላሉ።

የኮከቡን ቲክ ቁጥር (በቴስ ካታሎግ ያለውን መለያ ቁጥር) እና ሴክተሩን እዚህ ጻፊልኝ። ማታ መብራት ካለ ጎረቤቶቹን አወርድልሻለሁ።