ቀኑን ሙሉ ስብከት እየሰማሁ ለጸሎት ስቆም ልቤ ለምን ባዶ ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ኖት? ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ከጆሮዬ መዝሙርና ስብከት አይጠፋም፣ ግን ማታ ለጸሎት ስቆም ባዶ ነኝ፣ ጭንቀት ይይዘኛል፣ ስልኬን ካላየሁ የሆነ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኛል። ውዳሴ ማርያምም የማነበው ከስልክ ነው። እግዚአብሔር ርቆኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። አልራቀሽም። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ስላለ ውስጥሽ ያለው ጭንቀት አይሰማሽም፣ ማታ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ነው ብቅ የሚለው፣ ስለዚህ ጸሎቱ ባዶ አላደረገሽም፣ የነበረውን ነው ያሳየሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ወደ ስልኩ ይመለሳል። አንቺ እንዳትመለሺ፣ እዛው ቁሚ።

ስብከት መስማቱ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እናትሽ ሰው ሲያወራ ስትሰሚ ብትውዪና ለራሷ ባትደውዪላት ናፍቆትሽ ይወጣል? ከእግዚአብሔር ጋርም ራስሽ ማውራት አለብሽ፣ የከበደሽን ነገር በራስሽ አማርኛ ንገሪው።

ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ በረሃ ሲገባ ሞቱን እስኪለምን ድረስ ተጨንቆ ነበር (1ኛ ነገ 19)። እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም፣ ተኛ፣ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ ደግሞ ተኛ ደግሞ አበላው፣ ከዛ በኋላ ነው ኮሬብ ላይ ነፋሱም የምድር መናወጡም እሳቱም አልፎ በትንሽ የዝምታ ድምፅ ያናገረው። እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ስክሪን ላይ አምሽተሽ ልቤ አልሰበሰብ አለኝ ብትዪ እኔ መጀመሪያ የምልሽ ተኚ ነው።

የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስም በረሃ ሆኖ ሐሳብ እየበዛበት ሲቸገር፣ ምን ላድርግ ብሎ ጌታን ሲለምን፣ እሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሲሠራ፣ ከዛ ተነስቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ ደግሞ ሲነሳ አየ፣ መልአክ ነበር፣ እንዲህ አድርግ ትድናለህ አለው። ልብ በይ፣ ሥራህን ተው አላለውም። አንቺም ቀን 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነውና በነዚህ ሰዓቶች ከወንበርሽ ተነሺና አቡነ ዘበሰማያት በይ፣ ሰው ካለ በልብሽ በይው፣ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

የሆነ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኛል ብለሽ ስልክሽ ላይ የምታዪውን ዜና በተመለከተ፣ ጦርነቱንም በሽታውንም የሰው ለቅሶውንም በጣትሽ እያሳለፍሽ ሁሉንም ተሸክመሽ ነው የምታድሪው፣ ይሄን የሚችል ትከሻ የለም። ጴጥሮስ “እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት” ይላል (1ኛ ጴጥ 5፥7)። ያሳዘነሽን ሰው ስሙን ካወቅሽ ስሙን ጠርተሽ፣ ካላወቅሽ “ይሄን ሰው ማረው” ብለሽ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በዪለትና ዝጊው፣ ቀጣዩን ለማየት አትቸኩዪ።

ከስልክ መጸለይ ኃጢአት አይደለም። ግን የሰኞውን ውዳሴ ግማሽ ላይ ደርሰሽ ከላይ ሜሴጅ ብቅ ሲል ዓይንሽ የት እንደሚሄድ ታውቂዋለሽ። መጽሐፉን ግዢው፣ እስከዛ ስልኩን ፍላይት ሞድ አድርጊው። ቅዳሴ ላይማ ካህኑ “አልዕሉ አልባቢክሙ” (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲሉ “ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ” እያልን ልባችን እግዚአብሔር ዘንድ ነው ብለን እየመለስን እጃችን ኪሳችን ውስጥ ስልክ ሲነካካ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ላይቭ ቅዳሴ ለታመመና መሄድ ላልቻለ በረከት ነው፣ ለሚችል ግን ምትክ አይሆንም፣ ሥጋ ወደሙ በስክሪን አይቀበሉትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጭንቀቱ እንቅልፍ እየከለከለሽ ልብሽን እያስመታው ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እምነት ማጣት አይደለም፣ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉንም አትተዪ። ለንስሐ አባትሽም ይሄን ሁሉ በቴሌግራም ሳይሆን ፊት ለፊት ንገሪያቸው፣ በቀን ስንት መዝሙረ ዳዊት እንደምትደግሚ፣ ስንት እንደምትሰግጂ አቅምሽን አይተው እሳቸው ይወስኑልሽ፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ መጠን ልሰጥሽ አልችልም።