የልጄ ዘንዶ ሆዱ ቀላ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ልጄ ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ያሳድጋል። ብርዱ ሲገባ ከመስታወት ቤቱ ስር ማሞቂያ ምንጣፍ አደረግንለት፤ ሰሞኑን ግን ሆዱ ቀልቷል፣ ምግብም እምቢ ብሏል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀይው፣ ለጊዜው ክፍሉን አሙቁለት። ቃጠሎ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ይየው፤ ቤት ያለ ቅባት አትቀቡት። እባብ ሰውነቱን በራሱ አያሞቅም፣ ሙቀት ፍለጋ ይተኛበታል፣ ሆዱ እየተቃጠለም ቶሎ ላይሸሽ ይችላል። ለዚህ ነው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ ማሞቂያ በፍጹም የማልፈቅደው። ሙቀት የሚለካውን የቴርሞስታቱን ገመድ ጫፍ ልክ እሱ የሚተኛበት ቦታ ላይ አድርጉት፤ መስታወቱ ላይ የምትለጠፈዋ ክብ መለኪያ የወለሉን ሙቀት አትነግራችሁም። አንዱ ጥግ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፣ ሌላው ከ25 እስከ 27። በእናንተ አገር ፋረንሃይት 90 እና 80 ገደማ መሆኑ ነው። ሳይፈራ ቦታ እንዲመርጥ በሁለቱም ጥግ መደበቂያ ያስፈልገዋል። በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ግን አደራ፣ እንዳትገዙ፤ እሱም ያቃጥላል። ሐኪሙ ሳያየው ደግሞ ብላ ብላችሁ አታስጨንቁት።