አርሰናልን ያሸነፈው የሱራባያ ክለብ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ጨዋታ ተሰብስበን በምናይበት ሻይ ቤት፣ አንድ ጓደኛችን አርሰናል በአንድ ወቅት ኢንዶኔዥያ ሄዶ ኒያክ ሚትራ በሚባል ክለብ 2 ለ 0 መሸነፉን ነገረን። ብዙዎቻችን አላመንነውም። እሱ ግን ክለቡ ዛሬም አለ እያለ ይሟገተናል። እውነቱን ብታስረዱን።
(የአርሰናል ደጋፊ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ስለ ጨዋታው የነገራችሁ እውነት ነው። የውድድር ዘመኑን ጨርሶ ለወዳጅነት ጨዋታዎች ወደ ኢንዶኔዥያ የተጓዘው አርሰናል፣ ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1983) በምሥራቅ ጃቫ የወደብ ከተማ በሱራባያ 2 ለ 0 ተሸንፏል። የመጀመሪያውን ጎል ሲንጋፖራዊው ፋንዲ አሕመድ፣ ሁለተኛውን ጆኮ ማሊስ አስቆጥረዋል። የወዳጅነት ጨዋታ ነበር ብሎ ማቃለል ግን አይገባም፤ ያሸነፈው ክለብ የሀገሩን ሊግ ዋንጫ ያነሣ ነበርና።

ኒያክ ሚትራ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ ጋላታማ የተባለው የኢንዶኔዥያ ሊግም የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ጋላታማ ነጋዴዎችና ኩባንያዎች በገንዘባቸው ያቋቋሟቸው ክለቦች የሚወዳደሩበት ነበር፤ በእኛ ሀገር እነ መድንንና ሙገር ሲሚንቶን ማሰብ ይቻላል። የኒያክ ሚትራ ባለቤት አሌክሳንደር ዌናስ የሚባሉ የሱራባያ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ክለቡ ስሙን ያገኘው ከመዝናኛ ድርጅታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980–82፣ በ1982–83 እና በ1987–88 ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ከአርሰናል ድል በኋላ ግን የኢንዶኔዥያ ፌዴሬሽን የውጭ ተጫዋቾችን በማገዱ፣ ፋንዲ በዚያው ዓመት ወደ ሆላንዱ ግሮኒንገን ተዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ በክለቦች የዩኤፋ ዋንጫ በኢንተር ሚላን ላይ ጎል አስቆጠረ። ይህን የሚያህል ተጫዋች የነበረው ክለብ መፍረሱ እስከ ዛሬ ያስቆጨናል።

ለመፍረሱ ዋናው ምክንያት፣ በእኛ አመለካከት፣ የሱራባያ ሕዝብ ልብ ቀድሞ በሌላ ክለብ መያዙ ነው። በከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ፔርሴባያ የሚባል ክለብ አለ፤ የስሙ ትርጉም የሱራባያ እግር ኳስ ማኅበር ማለት ሲሆን፣ እኛ ባሕር ዳር ከነማ፣ ደብረ ማርቆስ ከነማ እንደምንለው ያለ የከተማው ሕዝብ ክለብ ነው። ሁለቱ ክለቦች የሚጫወቱት በአንድ ስታዲየም፣ የከተማዋ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1945 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ለተዋጋበት ዕለት መታሰቢያ «ኖቬምበር 10» ተብሎ በተሰየመው ሜዳ ነበር። ፔርሴባያ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ክለብ ሲሆን፣ ኒያክ ሚትራ ግን ዋንጫ በዋንጫ ላይ ቢደርብም የአንድ ሰው ኪስ ጥገኛ ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ ጋላታማ ራሱ ውጤት በገንዘብ ይሸጣል በሚል ቅሌት ስሙ ጎድፎ፣ ተመልካቹም እየሸሸው ነበር። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ክለቡን በተኑት፤ ጋላታማም በ1994 እነ ፔርሴባያ ከሚጫወቱበት የከተሞች ክለቦች ውድድር ጋር ተዋሕዶ አንድ ሊግ ሆነ።

የጓደኛዎ ሙግት ከየት እንደመጣም እንገምታለን። ከክለቡ መበተን በኋላ ተጫዋቾቹን ይዞ ሚትራ ሱራባያ የሚባል ክለብ ተነሣ፤ እሱም ባሕር ተሻግሮ ወደ ቦርኒዮ ደሴት ከሄደ በኋላ በመጨረሻ በተንጋሮንግ ከተማ ሚትራ ኩካር ተባለ። የደብረ ማርቆስ ክለብ ስሙን ቀይሮ ጋምቤላ ቢገባ ማርቆሶች የእኛ ነው ብለው እንደማይከተሉት ሁሉ፣ ሚትራ ኩካርም አርሰናልን ያሸነፈው የሱራባያ ክለብ ነው ለማለት ይከብደናል። ስለዚህ በጨዋታው ጓደኛዎ ረትቷል፤ በክለቡ ህልውና ግን እናንተ።