ሊብሬው በስሜ ነው፤ የሚነዳው ልጄ ነው

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ዕቁብ ሲደርሰኝ ባጃጅ ገዛሁና ለ20 ዓመት ልጄ ሰጠሁት፤ መንጃ ፈቃድ አለው፣ እየሠራም ቤቱን ይደጉማል። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድኑ ግን ጊዜው ካለፈ ሰነባብቷል። አሳድስ ስለው «ተጠንቅቄ ነው የምነዳው፤ ብሩ ለጎማ ይሁን» ይለኛል። አያድርገውና ሰው ቢገጭ ተጠያቂው እሱ ነው ወይስ እኔ?

እናት፣ ከጅማ

ውድ እናታችን፦

ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ፤ በካሣው በኩል ግን የሊብሬው ባለቤት በመሆንዎ ከኃላፊነት አያመልጡም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ፣ የተሽከርካሪ ባለቤት ያልፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እርስዎ ደግሞ ቁልፉን ወደው የሰጡ ነዎት። ይህ ኃላፊነት የሚመጣው ከባለቤትነት ስለሆነ የልጅዎ ጠንቃቃነት፣ እውነት ቢሆንም፣ እርስዎን አያድንዎትም።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን ማሽከርከር፣ አደጋ ባይደርስም፣ በራሱ ወንጀል ነው። ብዙ ወጣት አሽከርካሪዎች «የመድን ፈንድ ይከፍልልናል» ሲሉ እሰማለሁ። ፈንዱ መድን በሌለው ተሽከርካሪ የተጎዳን ሰው እንደሚክስ እውነት ነው፤ የተቋቋመው ግን ለተጎጂው እንጂ ለገጪው አይደለም፣ የከፈለውንም ከባለንብረቱ መልሶ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ባጃጁ ተሸጦ ዕዳው ካልተሸፈነ ሌላው ንብረትዎም ሊነካ ይችላል። ሽማግሌ ልኮ መታረቅ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም፤ ሆኖም የሰው ሕይወት ካለፈ ዕርቁ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

ስለዚህ ሊብሬውን ይዘው ራስዎ ወደ መድን ድርጅት ይሂዱ። ባጃጁ ሰው ጭኖ የሚሠራ መሆኑንና የሚነዳው ልጅዎ መሆኑን ሳይደብቁ ያስመዝግቡ፤ በውሉ ላይ የተጻፈውና መንገድ ላይ የሚሠራው ካልተጣጣመ ካሣ በሚጠየቅበት ቀን ክርክር ይነሣል። የሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን ባጃጅ ብልሽት እንደማይሸፍንም ይወቁ፤ ይህን የሚሸፍነው ሌላ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ውል ነው፣ ለአሁኑ ሊያልፉት ይችላሉ። የመድኑ ስቲከር ባጃጁ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ ይሁን። የጥቂት ቀን ገቢ ይቀርባችኋል፤ ልጅዎም ማኩረፉ አይቀርም።