መኪናው ይቅደም መንጃ ፈቃዱ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ መንዳት እየተማርኩ ነው። ባለቤቴ ያገለገለች ቪትዝ እንግዛና በሷ ትለማመጃለሽ እያለኝ ነው፣ ሶስተኛ ወገን ይበቃናል ወይስ ሙሉ ኢንሹራንስ እንግባ?

መልስ፦ ቪትዝ ለጀማሪ አሪፍ ናት፣ ትንሽ ስለሆነች ፓርኪንግ አታስጨንቅም መለዋወጫዋም እንደልብ ነው፣ ብቻ ቀለሟ እንዳይሸውዳችሁ የምታምኑት መካኒክ ስሯ ገብቶ ይያት። ሶስተኛ ወገን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ግን የሚከፍለው ለገጫችሁት ሰውና ንብረት ነው እንጂ የናንተ ፓራውልት ቢረግፍ አምስት ሳንቲም አይሰጥም፣ ስለዚህ ለጀማሪ ሙሉውን ግቡ ባይ ነኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው ክፍያ) እንዲቀንስለት ብሎ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል፤ 2 ሚሊዮን የምታወጣዋን በ1 ሚሊዮን ካስገባችሁ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብላችሁ 50 ሺህ ነው፣ ከሱም ላይ ኤክሰስ (ከጉዳቱ ራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ) ይቀነሳል። ለአዲስ ነጂ ኤክሰሱ ይጨምር እንደሆነ ሳትፈርሙ ጠይቁ። መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ ብትጋጪ ደሞ ሙሉ ኢንሹራንስ ኖሮሽም ለመኪናሽ ላይከፈልሽ ይችላል፣ ስለዚህ ልምምዱን በማሰልጠኛው መኪና ጨርሺው፣ ባል ጎንሽ ተቀምጦ "ፍሬን! ፍሬን!" ሲል ለትዳሩም ጥሩ አይደለም ሃሃ።